«ወረርሽኝ ለምደናል» ላሉን ጸሐፊ፦ ከደሴ የተላከ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢውና እንዳትናደጂ» ትላለች። ኔትወርኩ በየጠምዛዛው ይሄዳል፣ ይመጣል። ደሴ ሳንገባ ጨረስኩት። ተናደድኩ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ ሲገኝ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ መደንገጥ ግን አልነበረበትም። ኢትዮጵያ ከኤች አይ ቪ፣ ከቲቢና ከወባ ጋር ስትታገል የኖረች አገር ስለሆነች ኮሮናን ተዘጋጅታ ነው የጠበቀችው። ጸሐፊው ለዚህ የሚያቀርቡት ማስረጃ አለ። ላቦራቶሪው ነበር። ሕዝቡ ራሱን መጠበቅ ያውቅ ነበር። ባለሙያው የሠለጠነ ነበር። የወባ መድኃኒትና የቲቢ መከላከያው የቢሲጂ ክትባት ሰውነታችንን አጠንክረውታል። ስለዚህ የሞተው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ለሚቀጥለውም ወረርሽኝ በእጃችን አለ ብለው ይደመድማሉ።

እኔ ነርስ ነኝ። ደሴ ውስጥ በኤአርቲ ክፍል፣ ማለትም በኤች አይ ቪ መድኃኒት ክትትል፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጸሐፊው «ልምድ» የሚሉት ነገር ሲመጣም ሲሄድም እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ልመልስ።

ከቀላሉ ልጀምር። የወባ መድኃኒት ከኮሮና አልጠበቀንም። በ2012 መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክሎሮኪን ከየፋርማሲው ጠፍቶ ነበር። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ያላት ጓደኛዬ አንድ ሰው ብቻውን ሃያ ስትሪፕ ሊገዛት መጥቶ «ለቤተሰብ ነው» እንዳላት ትናገራለች። ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዙ ትልቅ ሙከራ ግንቦት መጨረሻ ላይ ውጤቱን ሲያወጣ የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና ታማሚ እንደማይጠቅም ታወቀ። የተጎዳው ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት የሚታመመው ሰው ነው፤ ክሎሮኪን በአገራችን የሱ መድኃኒት ነውና። ቢሲጂም እንዲሁ ነው። ክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ ለሕፃናት ከባድ ቲቢ ትበጃለች። ለኮሮና ስትሞከር ጥቅም አልታየባትም። ይህን ነጥብ እዚህ ላይ ልተወው።

ወባን ካነሳን አይቀር ግን አንድ ነገር አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ በግማሽ ሰዓት መንገድ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፤ ቆላው የሚጀምረው ከሷ ወዲያ ነው። በዚያ ሰሞን መኪና እያስቆሙ ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ ይደግኑ ነበር። ከሚሌ መስመር የመጣ ወባ ያተኮሰው ሰው ምን ያድርግ? ትኩሳት ማለት ኮሮና፣ ኮሮና ማለት ለይቶ ማቆያ ሆነ። ቤቱ ተኝቶ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ብዙዎቹም እንደዚያ አደረጉ። ወባ ደግሞ ብዙ ቀን አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወባ የሞተው ሰው ካለፈው ዓመት በ69,000 እንደጨመረ፣ የዚህም አብዛኛው አገልግሎት በመስተጓጎሉ እንደሆነ አስታውቋል። እንግዲህ ነባሩ ወረርሽኝ ለአዲሱ ሲያዘጋጅ ሳይሆን አዲሱ ነባሩን ሲሸፍነው ነው ያየነው።

ወደ ላቦራቶሪው እንምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። ጥር 2012 ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ምርመራው አዲስ አበባ ተጀመረ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው ጃፓናዊ፣ ሲገኝ ምርመራው እዚሁ ነበር። ቆይቶም ወደ ክልሎች ወረደ፤ ደሴም መመርመር ጀመረች። ይህ እንዴት ሆነ? ፒሲአር የሚባለውን የቫይረስ መመርመሪያ ማሽን ያመጣው፣ ባለሙያውን ያሠለጠነው፣ ናሙና በቅዝቃዜ የማጓጓዙን ነገር የዘረጋው በአብዛኛው ኤች አይ ቪ ነው። የታካሚን የቫይረስ መጠን የምንለካው፣ እኛ ክፍል «ቫይራል ሎድ» የምንለው ምርመራ፣ በነዚሁ ማሽኖች ነው የሚሠራው። እስካሁን ተስማምተናል።

ያልተስማማነው እዚህ ጋ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም ነበር።

ከኩታበር የምትመጣ አንዲት እናት ነበረችኝ። ልጇን በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ወስደን፣ ወረቀት ላይ አድርቀን ልከናል። እናትየው መድኃኒቷን በደንብ ስለምትወስድ ልጁ ነፃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ማወቅ አለብን። ቫይረሱ ያለበት ሕፃን ካልታከመ ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የሚሞተው፤ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ውጤቱ ዘገየ። ልጁን አዝላ ሦስት ጊዜ መጣች።

«ዛሬም አልመጣም ሲስተር?»

«አልመጣም።»

«ኮሮናው ነው?»

«አዎ እናቴ። አብሽሪ፣ ይመጣል።»

አብሽሪ ማለት ቀላል ነው። በሦስተኛው ቀን ምንም አላለችም። አንቀልባዋን አጥብቃ ወጣች። ውጤቱ በመጨረሻ መጣ፤ ልጁ ነፃ ነው። አሁን ትምህርት ቤት ሊገባ ደርሷል። በእነዚያ ወራት ግን እኔ በሁለት ወረርሽኝ መሀል የተቀመጥኩ በር ጠባቂ ነበርኩ፤ ሰልፉ የሷን ልጅ ወረቀት ከኋላ፣ የተጓዡን ናሙና ከፊት ያስቀምጥ ነበር።

ጸሐፊው ይህን «ዝግጅት» ይሉታል። እኔ ብድር እለዋለሁ። ከኤች አይ ቪና ከቲቢ ታካሚ ላይ ሳይጠየቁ የተወሰደ ብድር። መወሰድ አልነበረበትም አልልም፤ እኔም ብሆን እወስድ ነበር። ግን ብድር ሲወሰድ ይጻፋል። ማን ስንት እንዳበደረ አልተጻፈም። በዓለም ደረጃ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፦ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ 7.1 ሚሊዮን አዲስ የቲቢ ታማሚ ተገኝቶ ነበር፤ በ2020 የተገኘው 5.8 ሚሊዮን ነው። በሽታው አልቀነሰም። የፈለገው ሰው ነው የቀነሰው።

«ሕዝቡ ራሱን መጠበቅ ያውቅ ነበር፤ ኤድስ አስተምሮታል» የሚለው ላይ ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ቡናም ይፈላ።

ኤድስ ያስተማረው ምንድን ነው? እኔ ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ማስፈራሪያ ነበር፤ ግድግዳ ላይ የራስ ቅል ተስሎ ነው ያደግነው። ያ ማስፈራራት ሰዉን ከበሽታው ሳይሆን ከበሽተኛው አራቀው። ከዚያ ጥገናው መጣ። ድራማ ሠራን፣ ግጥም አነበብን፣ በየእድሩ ዞርን። «በመጨባበጥ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በስኒ አይተላለፍም።» ወሎ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተሳስሞ፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ተጠያይቆ ነው የሚላቀቀው። ከአንድ ትሪ የማይበላ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። አንዲት ጎረቤት ለአንዲት ታካሚዬ በሌላው ሰው ስኒ ቡና እንድትሰጣት ለማድረግ ሃያ ዓመት ፈጀብን። ሃያ ዓመት!

መጋቢት 2012 በአንድ ሳምንት ውስጥ «አትጨባበጡ፣ አብራችሁ አትብሉ፣ ስኒ ለዩ» አልን። ልክ ነበርን፤ በሽታው ሌላ ነው። ግን የምንናገረው እኛው ነን፤ ያው ጋዋን፣ ያው ሜጋፎን፣ ያው የእድር አዳራሽ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ታካሚዬ መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው እንዲህ አሉኝ።

«እንግዲህ ሲስተር፣ ድሮ ‹ጨብጧት፣ ምንም አትሆኑም› ብላችሁ ነገራችሁልኝ። ዛሬ ‹አትጨብጡ› አላችሁ። ጎረቤቴ እጇን ስትሰበስብ የትኛውን ሰምታ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እሳቸው ቤት አካባቢ ስኒው እንደገና ተለየ። ኮሮናው ሲያልፍ የሌሎቹ ስኒ ተመልሶ ተቀላቀለ፤ የሳቸው ግን ሌላ አንድ ዓመት ቆየ። ይህን ጸሐፊው በየትኛው «ልምድ» ውስጥ ይመድቡታል?

በዚህ በኩል ሁሉም ነገር መጥፎ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ማስክን እዩት። ከኮሮና በፊት ደሴ ውስጥ ማስክ አድርጎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ የቲቢ ታካሚ ነው። ሰው መንገድ ይለቅለታል፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት ይከፈታል። አንድ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የነበረበት ልጅ ማስኩን ክሊኒካችን በር ላይ ነበር የሚያደርገው፤ ሲወጣ ኪሱ ይከታል። ሚያዝያ ላይ ፒያሳ አገኘሁት። ማስኩን አፍንጫው ድረስ ስቦ እየሳቀ ነው። በዓይኑ ነው የሳቀው። «ሲስተር፣ አሁን ማን እንደሆንኩ ማንም አያውቅም!» አለኝ። ስድስት ወር ያህል እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ፒያሳን ዞረ። ሳል ሲመጣበት ግን የባሰ ተሳቀቀ። ሳል የሞት ፍርድ ሆኖ ነበር ያኔ። ሌሎች የሚያስሉ ሰዎችማ ጭራሽ ወደኛ መምጣት ተዉ።

ቤት መቀመጡስ? «ቤት ይቀመጡ» የሚለው ምክር ቤቱ ምስጢር ለሌለው ሰው ነው የተጻፈው። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ መድኃኒቱን ለቤተሰብ ሳይናገሩ ነው የሚወስዱት። ብልቃጡ ይንኳኳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የኤአርቲ ክፍል አልሠራም። አንዳንዷ ጥጥ ትወትፍበታለች፣ አንዳንዷ ፍሬውን በጨርቅ ቋጥራ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ትደብቀዋለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ባል ከሥራ ሲቀር፣ ያ የምትውጥባት አምስት ደቂቃ ጠፋች። በዚያ ክረምት ቫይረሳቸው ከፍ ብሎ ከመጡት መካከል «መድኃኒት አልቆብኝ» ያለችኝ የለችም። «ሰው አልወጣልኝም» ያሉኝ ግን አሉ።

ስለ ቦሩ ሜዳም ሳልናገር አላልፍም። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። አጼ ዮሐንስ በ1870 ጉባኤ ያካሄዱበት መሆኑን ለታሪክ ሰዎች እንተወው። ለደሴ ሰው ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉ ነው፤ ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ነው። ኋላ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይታከምበት ጀመር። ኮሮና ሲመጣም ለይቶ ማከሚያው እዚያ ሆነ። ቦታው ምክንያታዊ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ከሰው ራቅ ይላል፣ ባለሙያው በትንፋሽ ከሚተላለፍ በሽታ ጋር መሥራትን ያውቃል። እዚያ የሠሩት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ቦታ ስም አለው። «ቦሩ ሜዳ ትሄዳለህ» የተባለ ሰው ጆሮው ውስጥ የሚያስተጋባው የአያቱ ወሬ ነው። አዲሱን በሽታ በአሮጌው በሽታ አልጋ ስናስተኛው አሮጌው ፍርሃትም አብሮ ይተኛል። አንዳንድ ቤተሰብ በሽተኛውን የደበቀው ኮሮናን ፈርቶ ሳይሆን ያን ስም ፈርቶ ነው።

ባለሙያው የሠለጠነ ነበር? አዎ፣ በደንብ። በ1995 የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። የቤቱን ቁጥርም፣ የውሻውን ስምም ያውቃሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀጠሮ ያለፈባቸውን ታካሚዎች ፈልገው የሚያመጡ ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ። እነዚህ ሰዎች አንድ ጥበብ አላቸው። ሰው ቤት ጋዋን ለብሰው አይገቡም። ስም አይጠሩም። «የእቁብ ጉዳይ ነው» ብለው ይገባሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሲሸኟቸው በር ላይ ጉዳዩን ይናገራሉ።

ኮሮና ሲመጣ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ለመለየት ማን ሄደ? አምቡላንስ እየጮኸ፣ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ የለበሰ ሰው ሰፈር ገባ። ሰፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ወጣ። የኛዎቹ «ተዉ፣ እንዲህ አይደለም» ብለዋል፤ አንድ ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ። ሰብሳቢው «ይሄ ኤድስ አይደለም እህቴ» አሉኝ። ልምድ አለን ለሚሉት ጸሐፊ ይህን ባሳየኋቸው። ልምዱ አለ፤ የያዘው ሰው ግን ስብሰባው ላይ ከኋላ ነበር የተቀመጠው።

ሌላ ቦታ የተሻለ ነገር ተሠርቷል። ጸሐፊው ይህን አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል፤ ለራሳቸው ክርክር ይጠቅማቸው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ለኤች አይ ቪና ለቲቢ ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሠራተኞቿን ነው በቀጥታ ለኮሮና ያሰማራችው። የመንግሥቱን አማካሪ ኮሚቴ የመሩት ሳሊም አብዱል ካሪም ዕድሜያቸውን በኤች አይ ቪ ምርምር ያሳለፉ ናቸው። የአፍሪካ ሲዲሲን፣ ማለትም የአፍሪካ ኅብረትን የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ያኔ የመሩት ጆን ንኬንጋሶንግም እንዲሁ የኤች አይ ቪ ሰው ነበሩ። እኛም ጥሩ የሠራነው አለ፦ በዚያው በ2012 ሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት አግኝተዋል። ከአንድ ዓመት በፊት ኮንጎ ውስጥ ሁሉም ዓይን ኢቦላ ላይ ሆኖ ኩፍኝ ከኢቦላው የበለጠ ሰው ገድሎ ነበር። ዘመቻውን ላለመሰረዝ የወሰነው ሰው ማንም ይሁን፣ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። አካላዊ ርቀቱን ጠብቄ።

የሞተው ሰው ጥቂት ነው የሚለውን ባጭሩ። የተመዘገበው ከ7,500 ትንሽ የሚበልጥ ነው። የሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ነው፤ ኮሮና በብዛት የገደለው ሽማግሌ ነው። ቤቱ ሞቶ የተቀበረውን ማንም አልመረመረውም። ይህን ለልምዳችን ሜዳሊያ ማድረግ ይከብደኛል።

የመጨረሻው «ይህ ሁሉ ለሚቀጥለው በእጃችን አለ» የሚለው ነው። የትኛው እጅ? ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ገባባቸው። ኅዳር 27 መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ሲያስታውቅ የጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው ነበር። ሃያ ዓመት የተጠራቀመው ማሽን በአንድ ወር ሄደ። እንደገና ተሟላ፣ ተመስገን። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተባለ። እነዚያ «የእቁብ ጉዳይ ነው» ብለው የሚገቡት ሰዎች የሚከፈላቸው ከዚህ ዓይነት ገንዘብ ነበር። ኤች አይ ቪ ያቆመው ቤት ምሰሶው የማን እንደነበር ያኔ ታየ።

አሮጌው ወረርሽኝ በእውነት በእጃችን ትቶልን ያለፈ ነገር ካለ፣ እኔ የማውቀው የ6 ወር ቀጠሮ ነው። ከኮሮና በፊት የተጀመረ ነው፤ ደህና የሆነ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒቱን በአንዴ ይዞ ይሄዳል። በኮሮና ጊዜ ለብዙዎች አሰፋነው፤ ሰልፍ እንዲቀንስ ብለን ነው። ጦርነቱን ማንም አላሰበም ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2014፣ ክፍላችን መስታወት የለውም፣ ወለሉ ላይ የተበተነ ካርድ እየለቀምን ነበር። አንዲት ሴት ገባች። ደሴ ስትያዝ በእግሯ ወጥታ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ ነው የተመለሰችው። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ፍሬ መድኃኒት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሁለት እያደረግን ቆጠርነው። 38።

«ቀጠሮዬ አልፎብኛል እንዴ?» አለችኝ።

ካርዷን ፈለግን። አላገኘነውም። «መቼ ነበር?» አልኳት።

«ጥር 18» አለች።